አልጀብራ፦ ከወጌሻ እጅ የወጣ ቃል



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ ቃል ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በእንግሊዝኛ የሒሳብ መጽሐፋችን ላይ እያየነው ነው ያደግነው። አንዳንዶቻችን ወደነዋል፣ ብዙዎቻችን ፈርተነዋል። ቃሉ «አልጀብራ» ነው።

የከተማ ሙስሊም ልጅ የሆነ ሁሉ ይህን ኑሮ ያውቀዋል፦ ቀን ትምህርት ቤት፣ ከዐስር ወይም ከመግሪብ በኋላ መድረሳ። ቀን ሰሌዳው ላይ «ኤክስን ፈልጉ» እንባላለን። ማታ ኡስታዙ ፊት ቁጭ ብለን የውዱእና የሶላት ሕግ እንቀራለን። ሁለቱን ቤቶች ማንም አላስተዋወቃቸውም። አንድ ቃል ግን በሁለቱም ቤት ተቀምጦ ሲጠብቀን ኖሯል።

እስቲ ከሶላታችን እንጀምር። በሁለት ሱጁዶች መካከል ስንቀመጥ ከምንላቸው ዱዓዎች በአንዱ ውስጥ «ወጅቡርኒ» የምትል ቃል አለች። «ጠግነኝ» ማለት ነው። የተሰበረውን ነገሬን አስተካክልልኝ፣ የጎደለኝን ሙላልኝ ብሎ ባሪያው ጌታውን የሚለምንባት ቃል ናት። ሥርዋ ጂም፣ ባእ፣ ራእ ነው፦ «ጀበረ»፣ ማለትም የተሰበረን ጠገነ፣ የጎደለን ሞላ።

ወደ ፊቅህ ኪታቦች ስንሄድም ቃሉን እናገኘዋለን። እጁ ወይም እግሩ ተሰብሮ የታሰረ ሰው ውዱእ ሲያደርግ ማሰሪያውን ፈትቶ አይጎዳም፤ በላዩ ላይ በእርጥብ እጁ ያብሳል። ያ የስብራት ማሰሪያ በዐረብኛ «ጀቢራ» ይባላል፤ ሥሩ ያው ነው። አጥንት የሚጠግነው ሰውዬ፣ እኛ ወጌሻ የምንለው፣ «ሙጀቢር» ነው። ሰሓባው ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ ረዲየላሁ ዐንሁ የሚጠሩበት ስም «ጠጋኝ» ማለት ነው። ሰፈራችን ውስጥም ዐብዱልጀባር የሚባል ሰው አይጠፋም።

«አል-ጀባር» ከአላህ ውብ ስሞች አንዱ ነው፤ በሱረቱል ሐሽር 59፡23 ላይ ተጠቅሷል። ዑለማዎች ሲያብራሩት ሁለት ነገሮችን አብረው ያነሳሉ። አንደኛው ፈቃዱን የሚያስፈጽም፣ ማንም የማይቋቋመው ኃያል ማለት ነው። ሁለተኛው የተሰበረን የሚጠግን፣ የደካማን ጉድለት የሚሞላ ማለት ነው። ኃይልና ጥገና በአንድ ቃል እንዴት ተገናኙ ለሚል ሰው፣ ወጌሻ ቤት የገባ ይንገረው። የዞረን አጥንት ወደ ቦታው ለመመለስ ጠንካራ እጅ ያስፈልጋል። ያ እጅ የሚጫነው ግን ለመስበር አይደለም፤ ለማዳን ነው።

እንግዲህ ከወጌሻ እጅ የወጣው ቃል እንዴት ሒሳብ ደብተራችን ውስጥ ገባ?

ወደ ባግዳድ እንሂድ። ጊዜው የዐባሲዩ ኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን ነው፤ ከ198 እስከ 218 ሒጅሪያ፣ በፈረንጆች ከ813 እስከ 833። በዚያ ዘመን ሙሐመድ ኢብኑ ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ የሚባሉ ዓሊም በበይቱል ሒክማ ይሠሩ ነበር። እኚህ ሰው ስለ «አል-ጀብር ወል-ሙቃበላ» ሒሳብ አንድ አጠር ያለ ኪታብ ጻፉ። «አልጀብራ» የሚለው የዛሬው ስም የመጣው ከዚያ ኪታብ አርእስት ነው።

«አል-ጀብር» በሒሳቡ ውስጥ ምን እንደሆነ በብር እንየው። መቶ ብር ነበረ እንበል። ከላዩ ላይ ልኩን የማናውቀው አንድ «ነገር» ተወስዶበታል። የቀረው ከዚያው «ነገር» አራት እጥፍ ጋር እኩል ነው። መቶው ጎድሏል፣ ተሰብሯል። ስለዚህ የተወሰደበትን እንመልስለታለን፣ እኩል እንዲሆን በሌላኛው በኩልም ያንኑ እንጨምራለን። አሁን መቶው ሙሉ ሆነ፤ ከአምስት «ነገር» ጋርም እኩል ሆነ። አንዱ «ነገር» 20 ብር ነው ማለት ነው። ይኸው ነው ጀብር። መምህራችን «ማይነሱን ወደዚያ ስታሻግሩት ፕላስ ይሆናል» የሚሉን ነገር ዐረቡ ዓሊም ዘንድ ስብራትን መጠገን ነበር።

«ሙቃበላ» ደግሞ ፊት ለፊት ማስተያየት ነው። በሁለቱም በኩል የሚገኘውን ተመሳሳይ ነገር እኩል ቀንሶ ማቅለል። አምስት «ነገር» ከሦስት «ነገር» እና ከ40 ብር ጋር እኩል ከሆነ፣ ከሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት «ነገር» እናነሳለን። ሁለት «ነገር» 40 ብር፣ አንዱ 20 ብር ይሆናል።

በዚያ ኪታብ ውስጥ ኤክስም ዋይም የለም። ምልክት የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም በቃላት ነው የተጻፈው። ያልታወቀው ቁጥር «ሸይእ» ይባላል፣ «ነገር» ማለት ነው። በራሱ ሲባዛ «ማል» ይባላል፤ ማል ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፣ ገንዘብና ንብረት ነው። ተራው ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ በዲርሃም ይቆጠራል። ቃላቱ ራሳቸው ሒሳቡ ከየት እንደተነሳ ይናገራሉ፦ ከገበያ፣ ከንብረት፣ ከሰው ሐቅ።

አል-ኸዋሪዝሚ ይህን አልደበቁትም። ሰዎች በውርስ፣ በወሲያ፣ በክፍፍል፣ በክርክር፣ በንግድ፣ መሬት በመለካትና ቦይ በመቆፈር ጊዜ የሚያስፈልጋቸውን ለማቅረብ እንደጻፉት በመግቢያቸው ገልጸዋል። የኪታቡ ትልቁ ክፍል ያለውም መጨረሻው ላይ ነው፤ እሱም ስለ ወሲያና ስለ ውርስ ነው። ዛሬ ያን ክፍል የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው፤ የሒሳብ መጻሕፍት የመጀመሪያውን ወስደው የመጨረሻውን ትተውታል።

ከዚያ ክፍል አንዷን ጥያቄ ብቻ እንመልከት። አንድ ሰው ሞተ። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት። የንብረቱን ሲሶ ለአንድ ባዕድ ሰው ተናዟል። በእጅ የተገኘው 10 ዲርሃም ነው። ሌላ 10 ዲርሃም ከልጆቹ በአንዱ ላይ ያለ ዕዳ ነው። ከዕዳው አሁን ወደ ክፍፍሉ የሚገባው የባለዕዳውን ልጅ ድርሻ የሚያክለው ብቻ ነው። እንዴት ይከፈላል? ከዕዳው የሚታሰበውን «ነገር» እንበለው። ንብረቱ 10 ዲርሃምና አንድ «ነገር» ሆነ። ሲሶው ለባዕዱ ነው፤ የቀረው ለሁለቱ ልጆች እኩል ስለሚከፈል ለእነሱም ሲሶ ሲሶ ይደርሳቸዋል። የባለዕዳው ልጅ ድርሻ ያ «ነገር» ራሱ ነው። እንግዲያው 10 ዲርሃምና አንድ «ነገር» ከሦስት «ነገር» ጋር እኩል ነው። ሙቃበላ አድርጉት፦ 10 ዲርሃም ሁለት «ነገር» ነው፣ አንዱ 5 ዲርሃም። ባዕዱ 5፣ ዕዳ የሌለበት ልጅ 5 ከእጅ ይወስዳሉ፤ ለባለዕዳው 5 ከዕዳው ላይ ይታሰብለታል።

ልብ በሉ፣ ውድ ወንድምና እህቶች። ይህ ጥያቄ የተጻፈው ለፈተና አይደለም። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ሐቃቸውን እየጠበቁ ነው።

አሁን ቃሉን ተከትለን ወደ ምዕራብ እንሂድ። አንደሉስ የዐረብኛ ኪታቦች ወደ ላቲን የሚተረጎሙባት በር ነበረች። በ1145 ሮበርት ዘቼስተር የተባለ እንግሊዛዊ ስፔን ውስጥ፣ ሴጎቪያ ከተማ፣ የአል-ኸዋሪዝሚን ኪታብ ወደ ላቲን መለሰው። በዚያው ክፍለ ዘመን በቶሌዶ ይሠራ የነበረው ጄራርድ ዘክሬሞናም ተርጉሞታል። ተርጓሚዎቹ «አል-ጀብር»ን በራሳቸው ቃል ሳይተኩ እንዳለ ወሰዱት፤ «አል» የሚለው የዐረብኛ መነሻ ሳይቀር ተጣብቆ ሄደ። «ሙቃበላ» ግን መንገድ ላይ ቀረች።

የሚገርመው፣ እንግሊዝኛ ቃሉን መጀመሪያ ያወቀው በሒሳብ አይደለም። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ «አልጀብራ» የተሰበረ አጥንት መጠገን ማለትም ነበር። በስፔንኛ «አልጀብሪስታ» ወጌሻ ማለት ነው። ሰርቫንቴስ በ1615 ባሳተመው የዶን ኪኾቴ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ በውጊያ ወድቆ ጎድኑ የተጎዳ ሰው የሚታከመው አልጀብሪስታ ዘንድ ነው። በእንግሊዝኛ የሒሳቡ ትርጉም የተለመደው ከ1550ዎቹ ጀምሮ ነው። በዚያው ጊዜ፣ በ1557፣ ሮበርት ሬኮርድ የተባለው የዌልስ ሰው ሁለት ትይዩ መስመሮችን የእኩልነት ምልክት አድርጎ አሳተመ። ዛሬ በየደብተራችን የምናሰምረው ያ ነው።

የሰውየው ስምም ቃል ሆኖ ቀርቷል። አል-ኸዋሪዝሚ ስለ ሕንድ ቁጥሮች የጻፉት ሌላ ሥራ ሲተረጎም ስማቸው በላቲን አፍ «አልጎሪትሚ» ሆነ፤ «አልጎሪዝም» የመጣው ከዚያ ነው። ስልካችን ላይ ቀጥሎ የትኛውን ቪዲዮ እንደምናይ የሚወስነው ነገር በእኚህ ሙስሊም ዓሊም ስም ነው የሚጠራው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲሰማ ብዙ ጊዜ የሚከተለውን እናውቃለን። «ሒሳብን የፈጠርነው እኛ ነን» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል፣ «አላሁ አክበር» ይበዛል፣ ሼር ይደረጋል፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል። ለዚህ ሁለት ነገር እንበል።

አንደኛ፣ እውነቱን በልኩ እንናገር። ከአል-ኸዋሪዝሚ በፊት ባቢሎናውያን እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ይፈቱ ነበር፤ ግሪካዊው ዲዮፋንቱስና ሕንዳዊው ብራህማጉፕታም ሠርተውበታል። አል-ኸዋሪዝሚ ራሳቸው ቁጥሮቹን የሕንድ ብለው ነው የጠሯቸው፤ የሰውን ሥራ ወደ ራሳቸው አላዞሩም። የእሳቸው ትልቅ ሥራ ጥያቄዎቹን በስድስት ዓይነት መድበው፣ የእያንዳንዱን መፍቻ ከነማስረጃው በሥርዓት አስቀምጠው፣ ራሱን የቻለ ዕውቀት ማድረጋቸው ነው። ይህ ብቻውን ይበቃል፤ ማጋነን አያስፈልገውም። «ኤክስ የመጣው ሸይእ ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው» የሚለውም በየገጹ ይዞራል፤ ማስረጃ ግን የለውም። በሰነድ የሚታወቀው ፈረንሳዊው ዴካርት በ1637 ባሳተመው የጂኦሜትሪ ሥራው ላልታወቁ ቁጥሮች የፊደሉን የመጨረሻ ሆሄያት መጠቀሙና ልማዱ ከዚያ መስፋፋቱ ነው። ሙስሊም ውሸትን ለኢስላም ብሎም አይናገርም። ዲናችን የሌላ ሰው ሐቅ አያስፈልገውም።

ሁለተኛውና ዋናው ነገር ይህ ነው፦ የዚያ ኪታብ ወራሾች ነን ካልን፣ ኪታቡ የተጻፈለት ጉዳይ በየቤታችን እንዴት ይዟል?

ሁላችንም የምናውቀው ቤት አለ። አባት ይሞታል። ሰደቃው ይወጣል፣ ቁርኣኑ ይቀራል፣ ለቅሶው ያልቃል። ሱቁ በታላቅ ወንድም እጅ ይቀጥላል፣ ኪራዩ እዚያው ይሰበሰባል። ዓመት ያልፋል፣ አምስት ዓመት ያልፋል፣ ንብረቱ ሳይከፈል ይቆያል። እህት ድርሻዋን ብትጠይቅ «ቤት ልታፈርሺ ነው?» ትባላለች። ባለትዳር ከሆነች «ባሏ ነው የላካት» ይባላል። ለዒድ ቀሚስ ይገዛላታል፣ ስትወልድ ገንፎ ይላክላታል፤ እሷም ወንድሞቿን ላለማጣት ዝም ትላለች። ዝምታዋ «ፈቅዳለች» ተብሎ ይተረጎማል። እናትም እንዲሁ፤ ስምንተኛዋ የእሷ ሐቅ መሆኑን የሚነግራት የለም።

አላህ ሱብሓነሁ ወተዓላ ውርስን ለባህል አልተወውም፤ ለወንድሞች ቸርነትም አልተወውም። በሱረቱ-ኒሳእ 4፡7 ላይ ወንዶችም ሴቶችም ወላጆችና ዘመዶች ከተዉት፣ ቢያንስም ቢበዛም፣ የተወሰነ ድርሻ እንዳላቸው ተነግሯል። በ4፡11 እና 12 ላይ ግማሹ፣ ሩቡ፣ ስምንተኛው፣ ሁለት ሦስተኛው፣ ሲሶውና ስድስተኛው አንድ በአንድ ተዘርዝሯል። ሶላት በቁርኣን ታዞ የረከዓው ቁጥር በሱና ተብራርቷል፤ የውርስ ክፍልፋይ ግን ቁርኣን ውስጥ በቁጥር ወርዷል። ቀጥለው የሚመጡት 13ኛውና 14ኛው አንቀጾች እነዚህ የአላህ ወሰኖች መሆናቸውን ነግረው የሚጥሳቸውን በእሳት ያስጠነቅቃሉ። የእህትን ድርሻ የበላ ሰው ጉዳዩ ከእህቱ ጋር ብቻ አይደለም።

ደግሞም ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ አባት ሞተ እንበል። ወላጆቹም አያቶቹም ከእሱ በፊት አልፈዋል። ሚስት፣ ሁለት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች ትቷል። የቀብር ወጪ ተሸፍኖ፣ ዕዳ ተከፍሎ፣ ወሲያ ካለ ተፈጽሞ 800,000 ብር ቀረ። ልጆች ስላሉ የሚስት ድርሻ ስምንተኛ ነው፤ 100,000 ብር። የቀረው 700,000 ነው። የአንዷን ሴት ልጅ ድርሻ «ነገር» እንበለው። የአንዱ ወንድ ሁለት «ነገር» ነው። ሁለቱ ወንዶች አራት፣ ሦስቱ ሴቶች ሦስት፣ በድምሩ ሰባት «ነገር»። ሰባት «ነገር» 700,000 ብር ከሆነ አንዱ 100,000 ነው። ለእያንዳንዷ ሴት 100,000፣ ለእያንዳንዱ ወንድ 200,000። አለቀ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ከዚህ የሚወሳሰብም አለ፤ ወላጆች በሕይወት ሲኖሩ፣ ልጅ ሳይኖር ሲቀር፣ ድርሻዎቹ ተደምረው ከንብረቱ ሲበልጡ። ለዚያ የፈራኢድ ዑለማዎች አሉ። ክርክር ከተነሳም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት የሚሠሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች፣ ተከራካሪዎቹ በፈቃዳቸው ከቀረቡ፣ የውርስን ጉዳይ ያያሉ።

ስለዚህ እናንተ ወጣቶች፣ በተለይ ቀለም የቆጠራችሁ፣ በቤታችሁ ውስጥ ማንም የሌለው ነገር በእጃችሁ አለ። አባቶቻችን ብዙዎቹ ዲኑን ይወዳሉ፣ ክፍልፋዩን ግን ማስላት ይቸገራሉ። ኡስታዙ ድርሻውን ያውቃል፤ የመሬቱን ካሬ፣ የሱቁን ግምት፣ የባንኩን ሰነድ የምታነቡት ግን እናንተ ናችሁ። ሁለታችሁ አንድ ማዕድ ላይ ስትቀመጡ የባግዳዱ ኪታብ እንደገና ሥራ ጀመረ ማለት ነው።

በዚህ ሳምንት ማድረግ የምንችላቸው ሦስት ነገሮች አሉ። መጀመሪያ፣ ከመስጂዳችን ኡስታዞች ፈራኢድ የሚያውቁትን ጠይቀን አጭር የቂርኣት ፕሮግራም እንዲከፍቱልን እናድርግ፤ ሴቶችም ይግቡበት፣ ሐቃቸው ነውና። ሁለተኛ፣ ወላጆቻችን በሕይወት ሳሉ ዕዳቸውን፣ አማናቸውንና ወሲያቸውን በጽሑፍ እንዲያስቀምጡ በአደብ እናስታውሳቸው። «ሞትን ተመኘህልኝ» እንዳይሉ በለሰለሰ አንደበት፣ ካስፈለገም በአጎት ወይም በሽማግሌ በኩል ይሁን። ሦስተኛ፣ በእጃችን የቆየ ያልተከፈለ ውርስ ካለ፣ እህት እስክትጠይቅ አንጠብቅ። የጠየቀች እህት የወንድሟን ፊት ማየት ያስፈራታል፤ ሳትጠይቅ ያገኘች ግን ወንድም አላት።

ፈተና ላይ አልጀብራ የሚከብዳችሁ ታናናሾቻችንም፣ ቃሉ የመጣው ሊሰብራችሁ አይደለም። ትርጉሙ መጠገን ነው። የጎደለውን ፈልጋችሁ ወደ ቦታው መልሱ፣ በሁለቱም በኩል እኩል ሁኑ፤ ከዚህ ሌላ ሕግ የለውም።

አላህ ሆይ፣ አንተ አል-ጀባር ነህ። የተሰበሩ ልቦችን ጠግንልን፣ የተነጠቁ ሐቆችን ወደ ባለቤቶቻቸው መልስልን፣ የሚጠቅም ዕውቀትንም ስጠን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።